«ወስጃለሁ» ያሉኝ ሰው

ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የአስተኝቶ ማከሚያ ክፍሉ ኃላፊ በሌሎቹ ነርሶች ፊት ጠራችኝና፣ «አንቺ ልጅ፣ ድምፅሽ አይሰማም። ከዛሬ ጀምሮ ኩላሊት ክፍል ነሽ» አለችኝ። ሁሉም ሳቁ። አንዷ ከኋላ ሆና፣ «ኩላሊት እንደሆነ ጆሮ የለው፤ ይስማማሻል» አለች። እዚያ ክፍል ስሜ ሲስተር ሹክሹክታ ነበር። እኔም የሳቅሁ መስዬ ቦርሳዬን አንሥቼ ወጣሁ።

ኩላሊት ክፍል የሚባለው በኮሪደሩ መጨረሻ ያለ፣ ቀድሞ የዕቃ ማስቀመጫ የነበረ ጠባብ ክፍል ነው። አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ ሚዛን፣ የደም ግፊት መለኪያ። በመስኮቱ በኩል የታጠቡ አንሶላዎች የተሰጡበት ገመድ ይታያል። በሩን ገፋ ሳደርግ አንዲት ጠና ያሉ ሴት ዝቅተኛ የእንጨት በርጩማ ላይ ተቀምጠው ቀኝ እጃቸውን ግራ ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠዋል። ያመማቸው መሰለኝ።

«ምን ሆነው ነው?» አልኳቸው።

«ምንም። አውራ ጣቴን እያሞቅሁ ነው። የሰው አጥንት በቀዝቃዛ ጣት አይነካም። ግቢና በሩን ዝጊው።»

የክፍሉ ነርስ ሲስተር የሺ እሳቸው ነበሩ። ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ዓመት ቀርቷቸው ነበር። እኔ ከዚያ በፊት ሁለት ዓመት ጭልጋ በኩል በአንድ ጤና ጣቢያ፣ ሦስት ዓመት ደግሞ እዚሁ ጎንደር በአስተኝቶ ክፍል ሠርቻለሁ፤ ሥራን ግን ከሰው የተማርኩት በዚያች ጠባብ ክፍል ነው። ይህን የምጽፈው የክፍሉን ቁልፍ ለሌላ ካስረከብኩ በኋላ ነው። አሁን የመድኃኒት ማብራሪያ ወረቀቶችን በአማርኛ በሚያዘጋጅ ትንሽ ቢሮ እሠራለሁ። ቀኑን ሙሉ አንድ ግሥ ይዤ ብቀመጥ ማንም ምነው ዘገየሽ አይለኝም። ለምን ለግሥ እንዲህ እንደምጨነቅ የሚጠይቁኝ አሉ። መልሱ አንድ ሰው ነው፤ እሱንም እዚህ እጽፋለሁ።

መጀመሪያ ግን ሥራው ምን እንደነበረ ልናገር።

ወደ እኛ የሚመጡት ኩላሊታቸው እንደ ተቀደደ ወንፊት የሚያፈስ ትልልቅ ሰዎች ነበሩ። በደም ውስጥ መቅረት ያለበት ፕሮቲን ከሽንት ጋር ይወጣል። ሽንቱ አረፋ ይሠራል፤ ጠዋት ዓይን ያብጣል፤ ቀስ በቀስ እግር፣ ከዚያም ሆድ። የመጀመሪያው መድኃኒት ፕሬድኒሶሎን ነው፤ ትንንሽ ክኒን፣ በቀን ብዙ ፍሬ። ሕፃናት ሲሆኑ አብዛኛውን ጊዜ ይድኑበታል። ትልልቅ ሰዎች ላይ ግን ነገሩ አይታወቅም። አንዱ በወር ውስጥ እብጠቱ እንደ ጎርፍ ይወርዳል፤ ሌላው አራት ወር ይጠብቃል፤ ሌላው ጭራሽ ምንም የለም። ምንም የማይለው ሰው መድኃኒቱን በከንቱ ነው የሚሸከመው፤ ስኳሩ ይወጣል፣ ጨጓራው ይቃጠላል፣ አጥንቱ ይሳሳል። ስለዚህ የክፍላችን ትልቁ ጥያቄ አንድ ነበር፦ ይኼኛው ሰው ይድንበታል ወይስ አይድንበትም? ይህንንስ ምን ያህል ቀድመን ማወቅ እንችላለን?

ከኩላሊት ቁራጭ ናሙና ወስዶ በማይክሮስኮፕ የሚያይ ባለሙያ ያኔ በእኛ ዘንድ አልነበረም። ዶክተር ዳዊት የሚባል ወጣት የውስጥ ደዌ ሐኪም ግን አንድ ትልቅ መዝገብ አስከፍቶ ነበር። ዕድሜ፣ የደም ግፊት፣ በሽንት ውስጥ ደም አለ ወይስ የለም፣ የደም ምርመራው ውጤት፣ እብጠቱ በድንገት መጣ ወይስ ቀስ ብሎ። ከዚያ አንድ ዓምድ አለ፣ «ግምት» የሚል። መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት በእርሳስ ይሞላል። የመጨረሻው ዓምድ ደግሞ ጊዜው ሲያልቅ በእስክሪብቶ ይሞላል። ዶክተሩ ለውጤቱ የእንግሊዝኛ ቃል ነበረው፤ ሲስተር የሺ ግን «ሰማ» ወይም «አልሰማም» ነበር የሚሉት። ኩላሊቱ መድኃኒቱን ሰማ፣ አልሰማም። መዝገቡም በዚያው ቀረ።

ሲስተር የሺ ጥሩ ገማች ነበሩ። በሞቀው አውራ ጣት የእግሩን አጥንት ከፊት በኩል ጫን አድርገው ይቆዩና ሲለቁ፣ የቀረው ጎድጓዳ እስኪሞላ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ይቆጥራሉ። ሽንቱን በብርጭቆ ነቅነቅ አድርገው አረፋው እስኪከስም ያያሉ። የመመርመሪያዋን ቁራጭ ወረቀት ነክረው ከቢጫ ወደ አረንጓዴ ስትለወጥ በመስኮቱ ብርሃን እንጂ በአምፖል አያነቡም። ይህን ሁሉ ከሳቸው ቶሎ ለመድኩ። ይህ የእጅና የዓይን ሥራ ነው፤ መናገር አይጠይቅም።

ያልለመድኩላቸው ሌላ ነገር ነበር። ሲስተር የሺ በሽተኛውን ወንበር ላይ አስቀምጠው እሳቸው በርጩማዋ ላይ፣ ከሱ ዝቅ ብለው ይቀመጣሉ። ከዚያ «መድኃኒትዎን ወስደዋል?» ብለው አይጠይቁም። «ዛሬ ጠዋት ምን ቀመሱ?» ይላሉ። «ከሱ በፊትስ? ክኒኑን በምን አወራረዱት? ማን ውሃ ሰጠዎት?» እንዲህ እያሉ የሰውየውን ጠዋት በሙሉ ያስተርኩታል። ሲጨርሱ እጃቸውን ይዘረጋሉ፤ በሽተኛው ክኒኑ የወጣበትን ባዶ ማሸጊያ፣ ልጣጩን፣ ያስረክባል። እሱን በአንድ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ይጨምሩታል። ጾም ሲሆን ደግሞ ጠዋት የሚለውን ትእዛዝ ትተው፣ «መጀመሪያ ከሚቀምሱበት ሰዓት ጋር ያድርጉት፤ ከንስሐ አባትዎም ይማከሩ» ይሏቸዋል።

«ለምን ዝም ብለው አይጠይቋቸውም?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«አዎ የሚያሰኝ ጥያቄ ጠይቄ አዎ ቢሉኝ ምን አገኘሁ? የኛ አገር ሰው ጨዋ ነው። ነርስ አያሳፍርም።»

ጡረታ የወጡ ዕለት በርጩማዋንና ቆርቆሮውን ትተውልኝ ሄዱ። ቁልፉን እጄ ላይ አድርገው፣ «ዝም ማለትሽ ጥሩ ነው፤ ግን ለራስሽ ብለሽ ዝም አትበይ» አሉኝ። ያኔ አልገባኝም።

ከዚያ በኋላ ብቻዬን ነበርኩ። የምኖረው ፀዳ በኪራይ ቤት ነው። ቤተሰቦቼ እንፍራንዝ ናቸው፤ በበዓል ካልሆነ አልሄድም። ጠዋት ታክሲ እይዛለሁ፤ ስደርስ «ወራጅ አለ» የምለውን ረዳቱ ስለማይሰማኝ ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው እስኪወርድ ጠብቄ ወደ ኋላ በእግሬ እመለሳለሁ። ምሳዬን በክፍሉ ውስጥ አንሶላዎቹን እያየሁ እበላለሁ። ደመወዙ እንደማንኛውም ነርስ ነው፤ ወረቀቱ ከማንኛውም ነርስ ይበዛል። ማታ አከራዬ የመብራት ነገር ካላነሡ በቀር ከሰው ጋር አልነጋገርም። አንዳንድ ዓርብ ቀኑን መለስ ብዬ ሳስበው ያወራሁት በሙሉ አምስት ጥያቄ ሆኖ አገኘዋለሁ፤ ለሁሉም በሽተኛ አንድ ዓይነት። ሰዎቹን በፊታቸው ሳይሆን በእግራቸው አጥንት ነበር የማውቃቸው።

በርጩማዋን ጠረጴዛው ሥር አስገባኋት። ዝቅ ብዬ ከሽማግሌ ጉልበት ሥር መቀመጥ፣ ቀና ብዬ ዓይናቸውን ማየት ከበደኝ። ባዶ ልጣጭ አምጡ ማለትም አሳፈረኝ፤ አባቴን የሚያህል ሰው ዋሽተሃል የማለት ያህል መሰለኝ። ዶክተር ዳዊት ያዘጋጀው ቅጽ «መድኃኒቱን ወስዷል / አልወሰደም» የሚል መስመር ነበረው፤ ምልክት ማድረግ ብቻ ነው። ከቅጹ ቀና ሳልል ጠይቄ ምልክት ማድረግ ቻልኩ። እፎይ አልኩ።

በዚያ ብቸኝነት መዝገቡ ጓደኛዬ ሆነ። ሥራ ሲቀል የሲስተር የሺን ዘመን ገጾች ከመጀመሪያው እያነበብኩ አንድ ነገር አየሁ። በስምንተኛው ሳምንት ሽንቱ ላይ ጭራሽ ለውጥ ያልታየበት ሰው፣ ኋላም ቢጠብቅ «ሰማ» አልተባለም። እየደጋገምኩ አየሁት። ከዚያ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በስብሰባ ላይ እጄን አወጣሁ። ድምፄ ስላልተሰማ ዶክተሩ ሁለቴ አስደገመኝ። ሲገባው ግን ከወንበሩ ተነሣ።

«ይኼን እኮ ማናችንም አላየነውም! ስምንት ሳምንት ምንም ካላሳየ ሰውየውን በከንቱ አናንገላታውም፤ ወደ ጠንካራው መድኃኒት እንሸጋገራለን ማለት ነው።»

ከዚያ ወዲህ «የሲስተር ሹክሹክታ ሕግ» እያሉ ይቀልዱብኝ ጀመር። ቀልዱ ደስ ይለኝ ነበር። አልዋሽም፤ በጣም ደስ ይለኝ ነበር።

አያ ታረቀኝ የመጡት ሁዳዴ በገባበት ሰኞ ነው። ከወገራ በኩል፣ ከአምባ ጊዮርጊስ ወጣ ካለ ቀበሌ፣ ከባለቤታቸው ከእማማ እናኑ ጋር። እግራቸው ከጉልበት በታች እንደ ጥጥ ጆንያ አብጦ በባዶ እግር ነው የገቡት። በእጃቸው አንድ ፌስታል አንጠልጥለዋል፤ ውስጡ ጥቁር የፕላስቲክ ጫማ።

«ጫማዎን ምነው በእጅ ያዙት?» አልኳቸው።

«እግሬ ጠፍቶብኝ ነዋ፣ ልጄ። ጫማውማ ይኸው አለ። እግሬን ፈልጋችሁ ስታገኙልኝ አጠልቀዋለሁ።»

«ይኸ ሰውዬ ቀልዱን አይተውም» አሉ እማማ እናኑ። «ልጆቻችን ሴቶች ናቸው፤ አግብተው ሄደዋል። ሰኔ ሲገባ በእግሩ ቆሞ ካላረሰ መሬቱን ለእኩል አራሽ መስጠታችን ነው። እሱን እያሰበ እንቅልፍ የለውም።»

«አልሰጥም» አሉ አያ ታረቀኝ፤ አሁን አልቀለዱም። «ሌላ ሰው በሬዬን ሲነዳ ቁጭ ብዬ አላይም። ይልቅ ንገሪኝ፣ ልጄ፤ እስከ ሰኔ ይሆናል?»

ጣቴን አሞቅሁና አጥንታቸውን ጫን አደረግሁ። ጎድጓዳው እስኪሞላ ብዙ ቆጠርኩ። የደም ግፊታቸው ደህና ነው፤ በሽንታቸው ደም የለም፤ እብጠቱ የመጣው በድንገት ነው። ሁሉም ምልክት ሸጋ ነበር። በግምት ዓምዱ ላይ በእርሳስ «ይሰማል» ብዬ ጻፍኩ። እንዲያውም ጫን አድርጌ ጻፍኩት።

«ይሆናል» አልኳቸው። «በቀን አሥራ ሁለት ፍሬ፣ ሁሉንም ባንዴ፣ ጠዋት፣ ከምግብ በኋላ። ጠዋት መሆኑን እንዳይረሱ፤ ከሰዓት ከሆነ እንቅልፍ ይነሣዎታል።»

«ጠዋት፣ ከምግብ በኋላ» ብለው ደገሙልኝ። ባለቤታቸውን አየት አደረጉ። እሳቸውም አየት አደረጓቸው። ያንን መተያየት አይቻለሁ። እኔ ራሴ ያን ጠዋት ምንም አልቀመስኩም ነበር። ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው የምጾመው። ባዶ ሆዴን ይዤ ነው ከምግብ በኋላ ያልኳቸው።

በየአሥራ አምስት ቀኑ ተመላልሰው መጡ። መንገድ ባልተዘጋባቸው ሳምንታት ሁሉ አንድም ቀን አልቀሩም። እብጠቱ ግን ንቅንቅ አላለም። የመመርመሪያዋ ወረቀት እንደነከርኳት ጥቁር አረንጓዴ ትሆናለች።

«መድኃኒቱን ወስደዋል?»

«ወስጃለሁ፣ ልጄ።»

«ሳያቋርጡ?»

«ምነው አቋርጣለሁ? በየአሥራ አምስት ቀኑ ወስጃለሁ።»

ምልክት አደረግሁ። አንድ ነገር ግን ከንክኖኝ ነበር። ይህን መድኃኒት በዚህ መጠን የሚውጥ ሰው በአንድ ወር ውስጥ ፊቱ ይሞላል፣ ጉንጩ ይከባል፤ ሲርበው አይጣል ነው። የአያ ታረቀኝ ፊት ግን ያው ነው። «ፊቱ አልተለወጠም» ብዬ በመዝገቡ ጽፌያለሁ፤ የእጅ ጽሑፌ ነው፣ ዛሬም አለ። ከእብጠቱ የተነሣ አልለይ ብሎኝ ይሆናል ብዬ አለፍኩት። አንዲት ጥያቄ ብቻ ነበር የቀረችው። በርጩማዋ ጠረጴዛው ሥር ከእግሬ ጋር ትነካካ ነበር።

ስምንተኛው ሳምንት ሰሙነ ሕማማት ላይ ዋለ። ዶክተር ዳዊት መዝገቡን አየና፣ «ያንቺ ሕግ ይኸው» አለኝ። በእስክሪብቶ «አልሰማም» ብዬ ጻፍኩ። ጠንካራው መድኃኒት ታዘዘላቸው፤ በሽታ የሚከላከለውን ነጭ የደም ሴል ዝቅ ስለሚያደርግ በየሁለት ሳምንቱ ደም መመርመር ያስፈልገዋል። እኔም በጥንቃቄ አስረዳኋቸው፦

«ከእንግዲህ የመጀመሪያውን አይወስዱም። ይኼኛውን ብቻ።»

«የመጀመሪያውን አልወስድም» አሉ። «እሺ፣ ልጄ። እስከ ሰኔ ይሆናል?»

«ይሆናል» አልኩ። ድምፄ ያን ቀን ደህና ተሰምቶ ነበር።

ከፋሲካ በኋላ መንገድ ተዘጋ። መኪና የለም፤ ስልካቸው አይሠራም። የመጀመሪያው የደም ምርመራ ቀን አለፈ፤ ሁለተኛውም አለፈ። በየሰኞው በሩ በተከፈተ ቁጥር ፌስታል የያዘ እጅ እጠብቅ ነበር።

መንገዱ ተከፍቶ የመጡት ሐሙስ ዕለት ነው። በሩ ላይ ቆመው ሳለ መጀመሪያ ያየሁት እግራቸውን ነው። ጫማቸውን አድርገዋል።

«እግሬን አገኘሁት፣ ልጄ» አሉኝ።

ከወንበሬ ዘልዬ ተነሣሁ። ጫማቸውን አውልቄ አጥንታቸውን ጫን አደረግሁ፤ ጣቴ ምንም አልተወም። ሽንታቸውን ነከርኩ፤ ወረቀቷ ቢጫ እንደሆነች ቀረች። ፊታቸው ሞልቷል፣ ጉንጫቸው ከቧል። ደስታዬን የማካፍለው ሰው ፈልጌ ወደ እማማ እናኑ ዞርኩ። እሳቸው አልሳቁም። ያኔ ነው እጄ የነገረኝ። ጣቴን አላሞቅሁትም ነበር፤ የሞቀው የሰውየው አጥንት ነው። በትኩሳት እየነደዱ፣ በሳል እየተቆራረጡ ነው የመጡት። የደም ምርመራው ሲመጣ ነጭ የደም ሴላቸው የለም የሚባል ያህል ነው። በዚያው ሰዓት አስተኛናቸው።

በማግስቱ በኮሪደሩ ላይ እማማ እናኑ የመድኃኒቱን ከረጢት ሰጡኝ። የሁለቱም ዓይነት ባዶ ልጣጭ በውስጡ ነበር፤ የመጀመሪያው እጅግ ብዙ።

«ይኼ የሁዳዴው ነው?» አልኳቸው።

«በሁዳዴማ እንዴት አድርጎ ይውጠዋል? ጠዋት፣ ከምግብ በኋላ አላችሁት። እሱ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ውሃም አይቀምስ። ሣጥን ውስጥ አኑሮ ፋሲካን ጠበቀ። ኋላ ሌላ ስትጨምሩለት ሁለቱንም እኩል ያዘው። ወደ ኋላ ቀርቻለሁ፣ ልድረስበት ይል ነበር።»

«የመጀመሪያውን አይውሰዱ ብያቸው ነበር እኮ።»

«መች ወሰደ? ከዚያ ወዲያ ፋርማሲውን ረግጦት አያውቅ። ቤት ያለውን ነው የጨረሰ።»

«ስጠይቃቸው ግን… ወስጃለሁ ነበር የሚሉኝ።»

እማማ እናኑ ግራ በመጋባት አዩኝ። «ወስዷላ! ምን ዋሸሽ? በየአሥራ አምስት ቀኑ ከፋርማሲው አብረን ነው የወሰድነው። እኔ ነኝ በጉያዬ ይዤ የሄድኩ።»

ለዶክተር ዳዊት ከረጢቱን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ ነገርኩት። ልጣጮቹን አንድ በአንድ አየና፣ «ቅጹን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ» አለ።

አያ ታረቀኝ ዘጠኝ ቀን ተኙ። ከሥራ መልስ አጠገባቸው እቀመጥ ነበር። አንድ ጊዜ ነቃ ብለው፣ «ሰኔ ገባ እንዴ?» አሉኝ።

«ነገ ከነገ ወዲያ ነው።»

«ሸጋ። እግሬማ ደህና ነው አይደል?»

«ደህና ነው» አልኳቸው። እውነት ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አረፉ። እማማ እናኑ ልብሳቸውን ሲሰበስቡ ጫማውን መልሰው ፌስታሉ ውስጥ ከተቱት።

ሁሉም ሰው ሲሄድ ወደ ክፍሌ ገብቼ መዝገቡን ከፈትኩ። የእርሳሱ ግምቴ «ይሰማል» ይላል። የእስክሪብቶው «አልሰማም» ይላል። ልክ የነበረው የእርሳሱ ነው። ሕጌም ሐሰት አልነበረም፤ ከሲስተር የሺ ዘመን ገጾች የወጣ ነውና፣ እነዚያ ሰዎች ሁሉ በእርግጥ የዋጡ ሰዎች ነበሩ። ከሳቸው ወዲህ ባሉት ገጾች ላይ ግን በራሴ እጅ «አልሰማም» የተባሉትን በጣቴ እየተከተልኩ መድኃኒቱን የጀመሩበትን ቀን አየሁ። ከመካከላቸው ሁዳዴ ሲገባ የጀመሩ ነበሩ። ስምንት ሳምንት። የጾሙ ልክ ነው። ከነሱ ውስጥ ማን እንደዋጠ፣ ማን በሣጥን እንዳኖረ ከእንግዲህ ማንም ሊነግረኝ አይችልም።

እሑድ ከሰዓት ቀሐ አካባቢ ወዳለው የሲስተር የሺ ቤት ሄድኩ። ጡረታ ከወጡ ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኋቸውም ነበር። በር ላይ እንዳዩኝ «ማን ሞተ?» አሉኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው። አይዞሽ አላሉኝም። እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ አድርገው ሰሙ።

«የኔዋ በሽተኛ ሴት ነበረች» አሉ በመጨረሻ። «ልጅ እግር ናት፤ ገና አራስ ቤት የወጣች። መድኃኒትሽን ትወስጃለሽ ወይ ስላት አዎ እያለች፣ አማቷ ለጡቷ ወተት መጥፎ ነው ብላ ትደብቅባት ኖሯል። ታዲያ ያቺን ጥያቄ ከትምህርት ቤት ያመጣኋት መስሎሻል?»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«አፍሬ ነዋ» አሉ። «አንቺ ብቻ ነሽ እንዴ የምታፍሪው?»

ከዚያ፣ «በርጩማዬ አለች?» አሉኝ።

«ጠረጴዛው ሥር ናት።»

«አውጫት።»

በማግስቱ ሰኞ ጠዋት ታክሲው ሲደርስ «ወራጅ አለ!» አልኩ። ረዳቱ ዞሮ፣ «ሰምተናል፣ እህት፤ ጆሮ አለን» አለኝ፤ ሰዎቹ ሳቁ። ክፍሉን ከፍቼ በርጩማዋን አወጣኋት፤ አቧራዋን ጠረግሁ። ቆርቆሮውን መስኮቱ ሥር አኖርኩ። በማስመሪያ በመዝገቡ አዲስ ገጽ ላይ አንድ ዓምድ ጨመርኩ፤ «ዛሬ ጠዋት» የሚል። ከዚያ ተቀምጬ ቀኝ እጄን ብብቴ ውስጥ አስገባሁ።

መጀመሪያ የገቡት ከጭልጋ የመጡ አሮጊት ነበሩ፤ አራተኛ ሳምንታቸው ነው። ወንበሩ ላይ አስቀመጥኳቸው። እኔን ከታች ሲያዩኝ ደነገጡ፤ ጥያቄውን ስለሚያውቁት ግን ሳልናገር ቀደሙኝ።

«ወስጃለሁ፣ ልጄ። አንድም አላጓደልኩ።»

ቀና ብዬ ዓይናቸውን አየሁ።

«የት ወሰዱት?» አልኳቸው።

በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። «ይቺ ልጅ! የት እወስደዋለሁ? ቤቴ ነዋ!»

«ቤት ከደረሰስ በኋላ?»

ሳቃቸው ቆመ። ወደ በሩ ዞር ብለው የሚሰማ ሰው አለመኖሩን አዩ። እኔ ምንም ሳልናገር፣ ጣቴ እስኪሞቅ ጠበቅኋቸው።